ልምምድን በድራማ ማሳየት ለምን ይከብዳል? «ስፒኒንግ አውት» እንደ ማስተማሪያ

አንድ ወጣት ስፖርተኛ ልምምድ ሲሠራ ዳር ቁጭ ብለው አይተው ያውቃሉ? የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያዩት ያው ነው። ልጁ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይዘላል። አሠልጣኙ «ትከሻ!» ብሎ ይጮኻል፤ ልጁ ትከሻውን አስተካክሎ ደግሞ ይዘላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁ ከአመጣጡ ተሻሽሎ መሄዱን ከአሠልጣኙ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዴም አሠልጣኙ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። የልምምድ ለውጥ እንደ ሕፃን ልጅ ቁመት ነው፤ አብሮት የሚውል ሰው ሲያድግ አያየውም።

ድራማ ደግሞ የሚኖረው በሚታይ ለውጥ ነው። በአንድ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ምንም ካልተለወጠ ተመልካች ሌላ ነገር ይከፍታል። ስለዚህ ስለ ወጣት ስፖርተኞች ልምምድ ተከታታይ ድራማ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከችግር ጋር ነው። ሊያሳይ የፈለገው ነገር በተፈጥሮው ቀስ ብሎ የሚሄድና ከዓይን የሚሰወር ነው። ይህ ጽሑፍ ደራሲዎች ከዚህ ችግር እንዴት እንደሚወጡ አንድ ምሳሌ ይዞ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ስለ ስፖርቱም ስለ ቴሌቪዥን ሥራም ቀድሞ ማወቅ አያስፈልግዎትም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችን «ስፒኒንግ አውት» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ነው። ኔትፍሊክስ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አሥሩንም ክፍሎች በአንድ ቀን ለቀቃቸው፤ ወር አልፎ ጥቂት ቀናት ሲቆጠሩ ደግሞ ሁለተኛ ምዕራፍ እንደማይኖር ተነገረ። የድራማው ፈጣሪ ሳማንታ ስትራተን በልጅነቷ በዚሁ ስፖርት ስትወዳደር የኖረች ናት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካት ቤከር ትባላለች፤ የተጫወተቻት እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ካያ ስኮዴላሪዮ ናት። ስፖርቱ ፊገር ስኬቲንግ ነው፤ ማለትም የብረት ስለት በተገጠመለት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መዝለል፣ መሽከርከርና በሙዚቃ መደነስ። ርእሱ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው መሽከርከር ነው፤ ሁለተኛው መኪና መንገድ ስቶ እየተሽከረከረ እንደሚወጣው ሁሉ ከቁጥጥር ውጭ መሆን ነው። ድራማው በሁለቱም ትርጉሞች ይሠራል።

ታሪኩ የሚካሄደው በአይዳሆ ግዛት፣ ሰን ቫሊ በተባለች የተራራ መዝናኛ ነው። ሰን ቫሊ በ1936 የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ መንገደኛ ለመሳብ ብሎ ያቋቋማት ስትሆን፣ በ1941 የኦሎምፒክ ሻምፒዮኗ ሶንያ ሄኒ የተጫወተችበት ፊልም ስሟን አስጠርቶታል። እንግዲህ በረዶ፣ ስኬቲንግና ካሜራ በዚያች ከተማ ከተገናኙ ቆይተዋል። ይህኛው ድራማ ግን የተቀረጸው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእንዲህ ዓይነት ድራማ የሚታየው ነገርና የተሠራው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ኋላ እናያለን።

ከጫማው እንጀምር። የፊገር ስኬቲንግ ስለት እንደ ቢላዋ አንድ አፍ ያለው አይደለም። ከሥሩ መሐሉ ቦይ ሆኖ ተቀርጿል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። ስፖርተኛው ወደ ውስጥ ሲያጋድል በውስጠኛው፣ ወደ ውጭ ሲያጋድል በውጨኛው ጠርዝ ይሄዳል፤ መንገዱም ቅስት ይሠራል። ከስለቱ ፊት ደግሞ እንደ መጋዝ የተሰነጠቁ ጥርሶች አሉ። አንዳንዶቹ ዝላዮች በጠርዝ ብቻ ይነሣሉ፤ ሌሎቹ በጥርሱ በረዶውን ወግተው ይነሣሉ። ዋና ዋናዎቹ ዝላዮች ስድስት ናቸው፤ ልዩነታቸውም በአነሣሥ እንጂ በአየር ላይ ባለው ሽክርክሪት አይደለም። አወራረዱ ለሁሉም አንድ ነው፦ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ በአንድ እግር።

ከስድስቱ አንዱን ለይቶ ማወቅ ይበቃዎታል። «አክሰል» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1882 ከዘለለው ኖርዌያዊ ከአክሰል ፖልሰን ነው። ወደ ፊት እየሄዱ የሚነሡበት ብቸኛው ዝላይ ይህ ነው። ወደ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ለማረፍ ግማሽ ዙር ስለሚጨመር «ሦስት ዙር አክሰል» የሚባለው በእውነቱ ሦስት ተኩል ዙር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ ሲነሣ ካዩ አክሰል መሆኑን ያለ አስተማሪ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። አንዲት ስፖርተኛ ሰውነቷን 45 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋ ብትዘል፣ የመሬት ስበት የሚፈቅድላት የአየር ጊዜ 0.6 ሴኮንድ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ዙር መዞር አለባት፤ ይህም በሴኮንድ አምስት ዙር ማለት ነው። የፊልም ካሜራ በተለመደው ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ምስል ያነሣል። ስለዚህ ያ ሁሉ የዓመታት ልፋት በፊልሙ ላይ 14 ምስል ያህል ቢሆን ነው። ዓይንዎን አንዴ ወይም ሁለቴ ሲጨፍኑ ያልቃል። አዘጋጆች በዝግታ የሚታይ ቀረጻ የሚወዱት ውበት ፈልገው ብቻ አይደለም፤ ካላዘገዩት የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው።

«ታዲያ ከፍ ብላ ብትዘል ጊዜ አታገኝም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ተስፋ ያስቆርጣል። የአየር ጊዜ የሚያድገው ከቁመቱ እኩል ሳይሆን ከቁመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ጊዜውን በ20 በመቶ ብቻ ለማስረዘም ቁመቱን በ44 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል፤ 45 ሴንቲሜትር የነበረው ወደ 65 ይደርሳል። ይህን የሚችል እግር ጥቂት ነው። ስለዚህ ጊዜውን ማስረዘም ካልተቻለ የቀረው መንገድ በዚያው ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ መዞር ነው።

ፈጥኖ መዞር እንዴት እንደሚቻል ቢሮ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር መሞከር ይችላሉ። በሁለቱም እጅዎ የታሸገ ውኃ ይያዙና እጅዎን ዘርግተው አንድ ሰው እንዲያሽከረክርዎ ያድርጉ። ከዚያ እጅዎን በአንዴ ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ። ማንም ሳይነካዎ ፍጥነትዎ ይጨምራል። በሽክርክሪት ውስጥ የተጠራቀመው ግፊት፣ ፊዚክስ «አንጉላር ሞመንተም» የሚለው፣ ከውጭ የሚነካው ከሌለ አይጨምርም አይቀንስም። ስለዚህ ክብደት ወደ መሐል ሲሰበሰብ ፍጥነቱ ያንን ለማካካስ ከፍ ይላል። ስፖርተኛዋ አየር ላይ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ እግሯን አቆላልፋ እንደ እንዝርት የምትቀጥነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። የሰውነት ቅርጽ ቀጭን ሲሆን ፍጥነት ያገኛል ካልን፣ ትከሻና ዳሌው ገና ያልሰፋ አካል ለዚህ ስፖርት ይመቻል ማለት ነው። አንዲት ልጅ በ13 ዓመቷ ያለ ችግር የምትዞረውን ዝላይ በ16 ዓመቷ ልታጣው ትችላለች። ልታጣው የምትችለው ስለሰነፈች አይደለም፤ ሰውነቷ ስላደገ ነው፤ ዝላዩንም ካደገው አካል ጋር እንደገና መማር አለባት። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በ2022 ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 በደረጃ ከፍ ለማድረግ የወሰነውም ይህ የልጆች ጫና አሳስቦት ነው።

ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይወለዳል። የሰውነት ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ሥልጠናው በልጅነት መጀመር አለበት። ልጅ ደግሞ ገንዘብ የለውም። በረዶው በሰዓት ይከራያል፤ አሠልጣኙ በትምህርት ይከፈለዋል፤ ጫማውና ስለቱ ለየብቻ ይገዛሉ፤ የሙዚቃው ዳንስ የሚቀናበረው፣ ልብሱ የሚሰፋው፣ ጉዞውም በክፍያ ነው። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ወላጅ ነው፤ የሚከፍለውም ልጁ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እንግዲህ ከ0.6 ሴኮንድ ተነሥተን ቤተሰብ ውስጥ ገባን። ስለ ወጣት ስፖርተኞች የሚጻፍ ድራማ ሁሉ ማለት ይቻላል የእናት ወይም የአባት ድራማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ«ስፒኒንግ አውት» ይህቺ ወላጅ ካሮል ናት፤ የተጫወተቻት ጃንዋሪ ጆንስ ናት። ካሮል ራሷ ስኬተር ነበረች፤ ካትን ስታረግዝ ስፖርቱን ተወች። ሁለተኛዋ ልጇ ሴሪናም ትወዳደራለች። አሁን የደራሲዋን ብልሃት ይመልከቱ። እናትየዋ በልጇ ላይ የምታፈሰው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ካሮል ግን የራሷንም ያልተፈጸመ ሕይወት ጨምራ አፍስሳለች። ስለዚህ ልጅቱ በወደቀች ቁጥር ሁለት ሰው ይወድቃል። የማይታየው የልምምድ ዋጋ በእናትየዋ ፊት ላይ ይነበባል ማለት ነው። ደራሲዋ ችግሯን የምትወጣበት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው፦ ለውጡን ስፖርተኛዋ ላይ ማሳየት ካልተቻለ በምታያት ሰው ላይ ማሳየት።

ሁለተኛው መንገድ ፍርሃት ነው። ካት ታሪኩ ሳይጀምር በፊት ክፉ አወዳደቅ ወድቃ ጭንቅላቷን ተጎድታለች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ መዝለል አልቻለችም። ይህ ለደራሲ ትልቅ ስጦታ ነው። ገና የሚማር ሰው የሚያደርገው ለውጥ ዝግተኛና የማይታይ ነው፤ የሚያውቀውን ነገር የሚፈራ ሰው ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ትግል ውስጥ ነው። ተመልካቹ ስለ ስለት ጠርዝ ምንም ሳያውቅ ሴትየዋ ለመነሣት ስትንደረደር መጨረሻ ላይ ስታመነታ ያያል፤ ማመንታትን የማያውቅ ደግሞ የለም።

ሦስተኛውና የተሻለው መንገድ ጥንድ ነው። ካት ለብቻ መወዳደሩን ትታ ኢቫን ሮደሪክ ከተጫወተው ጀስቲን ጋር የጥንዶች ውድድር ውስጥ ትገባለች፤ የሚያሠለጥኗቸውም ዳሻ የተባሉ ሩሲያዊት ናቸው። የጥንዶች ስኬቲንግ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው የሚሠሩት ነው። ጎን ለጎን እኩል ይዘላሉ፤ ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ አንሥቶ ይሸከማል፤ አንዳንዴም እየተንሸራተተ ይወረውራታል፤ እሷ አየር ላይ ተሽከርክራ ራቅ ብላ በአንድ እግሯ ብቻዋን ታርፋለች። ይህ የመጨረሻው «የውርወራ ዝላይ» ይባላል። ለብቻ ከሚዘለው የበለጠ ከፍታና ርቀት ስላለው አወዳደቁም የዚያኑ ያህል ይከፋል።

በድራማ ዓይን ሲታይ ይህ ለውጥ ምን አመጣ? ብቻዋን ስትዘል ፍርሃቷ በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበረ፤ ካሜራ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። አሁን ግን ፍርሃቷ በሁለት ሰዎች መካከል ቆመ። «ትወረውረኛለህ ወይ? በትክክል ትወረውረኛለህ ወይ? አንተስ ታምነኛለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በንግግር፣ በእጅ አያያዝ፣ በመኮራረፍ ሊታይ ይችላል። ደንቡም ይህን ያጠናክራል፤ ጥንዶች የሚያገኙት አንድ የጋራ ነጥብ ነው። አንዱ ቢወድቅ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ ሁለቱም ቢወድቁ ሁለት። የአንዱ ጥፋት የሁለቱም ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ ደራሲዋ ከባዱን ድንጋይ ትጭናለች። ካትም እናቷም ባይፖላር አለባቸው፤ ስሜት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የሚቆይበትና ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም ነው። ካት ይህን ከጀስቲን ደብቃ ነው የምትሠራው። በሌላ ድራማ የተደበቀ ምሥጢር ሲወጣ የሚጎዳው ስሜት ነው። እዚህ ግን ምሥጢሩን የማያውቀው ሰው በየቀኑ አየር ላይ የሚወረውራት ሰው ነው። ቀደም ብለን ያየነው የውርወራ ዝላይ ባይኖር ኖሮ ይህ ምሥጢር ግማሽ ክብደቱን ያጣ ነበር። ስፖርቱ ለታሪኩ ማስጌጫ ሆኖ እንዳልገባ ማስረጃው ይህ ነው፤ ምሥጢሩን ከበረዶው ላይ ቢያነሡት ታሪኩ ይፈርሳል።

ሌላም ጥልቅ ነገር አለ። በሕመሙ የከፍታ ጊዜ ሰው ትንሽ ይተኛል፣ ብዙ ይሠራል፣ የማይደክም ይመስለዋል፣ በራሱ ይተማመናል። አሁን ይህን ዝርዝር ስለ ሕመም ምንም ሳይነግሩ ለአንድ አሠልጣኝ ያንብቡለት፤ «የት ነው ያለችው? አምጧት!» ይልዎታል። ስፖርቱ የሚያሞግሰው ጠባይና ሕመሙ የሚያመጣው ምልክት ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ካት መድኃኒቷን ስትተው መጀመሪያ የሚታየው ውድቀት ሳይሆን ትጋት ነው። ተመልካቹ እያወቀ በዙሪያዋ ያሉት የማያውቁት አደጋ ሲፈጠር የድራማ ጭንቀት ከዚያ ይወለዳል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልካቹ ማወቅ አለበት። ለዚህ ስፖርቱ ራሱ መሰላል ያበድራል። በአሜሪካ ስኬቲንግ ማጣሪያው ደረጃ አለው፤ በአካባቢ ይጀምራል፣ ሰፋ ወዳለ ቀጣና ያድጋል፣ በመጨረሻ አገር አቀፉ ሻምፒዮና ይመጣል። ድራማው ይህን የቀን መቁጠሪያ እንደ አከርካሪ ይጠቀምበታል። ልምምዱ ራሱ ባይታይም እንኳ «ውድድሩ ሊደርስ ነው» የሚለው ስሜት ለእያንዳንዱ ተራ ቀን ክብደት ይሰጠዋል። ፈተና የቀረበ ተማሪ ቤት ውስጥ ያለውን አየር ያስታውሱ፤ ማንም ምንም ባያደርግ እንኳ ቤቱ ውጥረት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው እንመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልመለስነው ጥያቄ አለ። ተዋናይዋ ስኬተር ካልሆነች ሦስቱን ዙር የሚዞረው ማን ነው? ስኮዴላሪዮና ሮደሪክ የሚችሉትን ያህል ሠልጥነዋል፤ ከባዱን የሠሩት ግን በምትካቸው የገቡ ባለሙያ ስኬተሮች ናቸው። እንዲህ ያለው ምትክ በፊልም ሰዎች ቋንቋ «ደብል» ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተዋናይዋ ከወገቧ በላይ ብቻ እየታየች ትንሸራተታለች፤ ፊቷን እናያለን። ከዚያ ካሜራው ይርቃል ወይም ወደ ኋላ ይዞራል፤ በዚያች ቅጽበት ምስሉ ይቆረጥና ተመሳሳይ ልብስና ጸጉር ያላት ደብል ትዘላለች። ስታርፍ እንደገና ይቆረጣል፤ እያለከለከች ያለችው ተዋናይዋ ናት። ዓይናችን እንቅስቃሴን መከተል ስለሚወድ፣ ቁርጡ በእንቅስቃሴው መሐል ከሆነ መገጣጠሚያውን አያየውም።

በኮምፒውተርም ይሠራል። በ2017 የወጣው «አይ፣ ቶኒያ» የተባለው ፊልም ሦስት ዙር አክሰሉን ለማሳየት በኮምፒውተር ምስል ተጠቅሟል፤ ያንን ዝላይ የምትዘል ሴት ማግኘት እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው። «ስፒኒንግ አውት» ደግሞ አንድ እውነተኛ ሻምፒዮን አስገብቷል፤ የሦስት ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮኑ ጆኒ ዊር ጌብ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ለእኛ የሚቀርበው ንጽጽር «ኢንዱራንስ» ነው፤ በ1996 አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1999 በወጣው በዚያ ፊልም ራሱን ሆኖ ተጫውቷል። ስፖርተኛው ራሱ ሲጫወት አካሉ እውነት ይናገራል፤ ፊቱ ግን የተዋናይ ፊት አይደለም። ተዋናይ ሲጫወት ደግሞ ፊቱ ብዙ ይናገራል፤ አካሉን መበደር ግድ ይሆናል። እያንዳንዱ የስፖርት ፊልም ከእነዚህ አንዱን ይሰጣል፣ ሌላውን ይቀበላል።

ይህ አሠራር ውድ ነው። እያንዳንዱ የበረዶ ትዕይንት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በተዋናይ አንዴ በደብል፣ ይቀረጻል። በረዶው በስለት ሲቧጨር እንደገና መስተካከል አለበት። ካሜራ የያዘው ሰውም መንሸራተት ይኖርበታል። እንግዲህ ልምምድን የሚያሳይ ድራማ ብዙ ገንዘብ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እንደ ካሮል ሁሉ ውጤቱ ሳይታወቅ ማለት ነው። ታዲያ «ይበቃል» ወይስ «ይቀጥል» የሚለው በምን ይወሰናል?

እንደ ኔትፍሊክስ ያለ፣ በዚያን ጊዜ ማስታወቂያ የማያሳይና በወርኃዊ ክፍያ የሚኖር ድርጅት ዋና ጥያቄው «ይህ ሥራ ደንበኛ አመጣልኝ? ያለውንስ ይዞ አቆየልኝ?» የሚል ነው። ኩባንያው በ2019 ለብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካችን በሦስት እንደሚከፍል አስረድቶ ነበር። አንድ ክፍል የከፈቱ ቤቶች «ጀማሪ» ናቸው። የአንድ ክፍል 70 በመቶ የተመለከቱ «ተመልካች» ናቸው። የምዕራፉን 90 በመቶ ያዩ «ጨራሽ» ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ለአዘጋጆች የሚያካፍለውም ከመጀመሪያዎቹ 7 ቀናትና ከመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት በኋላ እንደሆነ ገልጿል። ተከታታይ ድራማ ምዕራፍ በጨመረ ቁጥር የተዋንያንና የሠራተኛ ክፍያ ስለሚያድግ፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጠበቅበት ውጤት ከፊተኛው ይበልጣል።

ይህን ከቀድሞው አሠራር ጋር ያስተያዩት። በጂምናስቲክ ልምምድ ላይ ያተኮረው «ሜክ ኢት ኦር ብሬክ ኢት» በኤቢሲ ፋሚሊ ጣቢያ ከ2009 እስከ 2012 በየሳምንቱ ሲታይ 48 ክፍሎች ደርሷል። የልጃገረዶቹ ግብ የለንደን 2012 ኦሎምፒክ ነበረ፤ ድራማውም ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። የታሪኩ ሰዓትና የጣቢያው ሰዓት ጎን ለጎን ሄዱ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ክፍል ሲመጣ ተመልካቹ ልክ እንደ አሠልጣኙ እየተመላለሰ ያያል፤ ከሳምንት ሳምንት ጥቂት ለውጥ ቢያገኝም ይበቃዋል። አሥር ክፍል በአንድ ቀን ሲለቀቅ ግን ሁሉም ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመዘናል። ቀስ ብሎ የሚበስል ታሪክ ፈጥኖ በሚቆጥር ሰዓት ሲለካ ይቸገራል፤ በ13 ዓመቷ የታየችን ልጅ በ14 ዓመቷ «ለምን ሻምፒዮን አልሆነችም?» እንደ ማለት ነው።

በዚህም ሆነ በሌላ ምክንያት የካትና የጀስቲን መሰላል መሐል ላይ ቀረ፤ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚወስዳቸው ምዕራፍ አልተሠራም። ሆኖም ለእኛ ለተማሪዎቹ አሥሩ ክፍሎች ይበቃሉ፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ በውስጣቸው ስላሉ። አሁን የቤት ሥራ ልስጥዎት። አንድ የዝላይ ትዕይንት ይምረጡና ሦስት ጊዜ ይመልከቱት። መጀመሪያ ዝም ብለው ይዩ። ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ይቁጠሩ፤ ተዋናይዋ ጠፍታ ደብሏ የገባችበትን ቦታም ይፈልጉ። ሦስተኛ ጊዜ ሴትየዋ አየር ላይ ሳለች ያቁሙትና ቀጥሎ የሚመጣው ምስል የማን እንደሚሆን ገምተው ይልቀቁት።

ይህን ልምምድ በሌሎች የስፖርት ድራማዎች ላይም ይድገሙት። ብዙ ጊዜ ያረፈውን እግር አያገኙትም፤ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ፊት ያገኛሉ። ያ ፊት ከፈካ ወይም ከተጨማደደ ዝላዩ ምን እንደሆነ አስቀድመው ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አያሻዎትም፦ ስንት ዓመት፣ ስንት ብር፣ ስንት የጠዋት ብርድ በዚያች 0.6 ሴኮንድ ውስጥ እንደገባ የሚያውቀው ፊት እሱ ስለሆነ ነው ካሜራው ወደዚያ የዞረው።